የከንፈር መሐላ

«አባትሽ ልቡ ሸፍቷል» አለች ዘይቱና፣ ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ።

ከወዲያ፣ ከጅዳ፣ መጀመሪያ ሳህን ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ ልጇ ሀፊዛ ማልቀስ ጀመረች።

«መቼ አመመው? ደሴ ወሰዳችሁት? ለምን እስካሁን ደበቃችሁኝ እማ?»

«ማን ታመመ አልኩሽ?»

«ልቡ አላልሽም? ልቡ ስትይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የሐይቅ ከተማ ኔትወርክ እንዲህ ነው። ከሚነገረው ውስጥ የወደደውን ይበላና የተረፈውን ባሕር ያሻግራል። «ሸፍቷል» የምትለዋን ቃል ዋጥ አድርጎ «አባትሽ ልቡ» የሚለውን ብቻ ጅዳ አደረሰ። እነ ዘይቱና ቤት ደግሞ «ልብ» ከስምንት ወር ወዲህ እንደ ዋዛ የሚጠራ ቃል አልነበረም።

«ሸፍቷል ነው ያልኩት፤ ሸ - ፍ - ቷ - ል» አለች ዘይቱና ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው። «ወደ ሲጋራው ሳይመለስ አልቀረም። ሸሚዙ ይሸታል።»

ሀፊዛ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። «ሸሚዙ ብቻ?»

«ሸሚዙ።»

«አፉስ?»

ዘይቱናን ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር። የባሏ አፍ አይሸትም።

ኑርዬ ልብስ ሰፊ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ በረንዳ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አላነሳም። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ሲጋራም ከከንፈሩ ጥግ አልወረደችም። አመዷ የሰው ሱሪ ላይ ሳይወድቅ ዘምዝሞ መጨረስ ይችል ነበር፤ በዚህም ሌላው ሰው በልጁ ማዕረግ እንደሚኮራው ይኮራ ነበር። ባለፈው የካቲት ግን የሚዜ ሱሪ እየሰፋ ሳለ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ደሴ ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኛ።

ሲወጡ ሐኪሙ ዘይቱናን ለብቻዋ ጠራት። የልቡ ደም ሥር መጥበቡን፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መዋጥ እንዳለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲጋራ ዳግም እንዳያይ ነገራት። «ይሄ የመጀመሪያው ነው» አላት። «ሁለተኛው ከመጣ እንደዚህ ምሮት ላይሄድ ይችላል።»

«ሁለተኛው» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይቱና ሆድ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ። ኑርዬ ሲያስነጥስ ሁለተኛው መጣ። ኑርዬ ምሳው ላይ ትንሽ ከዘገየ ሁለተኛው መንገድ ላይ አገኘው። ሰውየው ተኝቶ ሲያንኮራፋ ትረበሻለች፤ ማንኮራፋቱን ሲያቆም ደግሞ ተነስታ ደረቱ ላይ እጇን ታሳርፋለች።

ስለዚህ ከደሴ በተመለሱ ማግስት አስማለችው። ደግሞ እንደ ነገሩ አላስማለችውም። ባሏን ታውቀዋለች። «እተዋለሁ» ቢል፣ መቼ እንደሚተው አልተናገረም። «አላጨስም» ቢል፣ «ሳብ ሳብ አደረግሁ እንጂ መች አጨስኩ» ይላል። ስለዚህ እሱ ጨርቅ እንደሚለካው ለክታ፣ ቃሉን ራሷ ቆርጣ ሰጠችው። ሀፊዛ ከጅዳ በስልክ እየሰማች፣ ኑርዬ ዉዱእ አድርጎ፣ እጁን ቁርአኑ ላይ ጭኖ፣ «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ ከንፈሬን አይነካም» አለ።

ዘይቱና ያን ቀን እፎይ ብላ አደረች። ከንፈር ካልነካች በየት በኩል ትገባለች?

ሰባት ወር ሙሉ ምንም አልነበረም፤ ወይም እሷ ልብ አላለችም። መስከረም ላይ ዝናቡ ቆሞ ልብስ ፀሐይ ላይ መሰጣት ሲጀምር ግን፣ የኑርዬ ሸሚዝ ከገመዱ ሲወርድ ሳሙናውን አሸንፎ የቀረ ሽታ አገኘችበት። አጠበችው። በማግስቱ ሌላኛው ሸሚዝ እንዲሁ ሆነ።

«የሰው ጨርቅ ነው» አላት ኑርዬ። «ስንቱ አጫሽ ሱሪውን ያመጣልኛል መሰለሽ። እኔ እቅፍ አድርጌ ስሰፋ ይጋባብኛል።»

ለአንድ ሳምንት አመነችው። ማመን ፈልጋ ነበር፤ ማመን እንቅልፍ ይሰጣል። በሁለተኛው ሳምንት ግን የራስ ጠጉሩም ሸተታት፤ የሰው ሱሪ እስከ ጠጉር ይጋባል?

ከዚያ በኋላ ምርመራ ጀመረች። የሱብሒን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ «ጺምህ ላይ ክር አለ» ብላ ትጠጋዋለች። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ክሩ አይጠፋም፤ እሷ ግን የምትለቅመው ትንፋሹን ነው። መፋቂያ መፋቂያ ይላል። ከሥራ ሲመለስም «ጺምህ ላይ ክር አለ»። ትንፋሹ የበላውን ሽሮ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

«ምን ዓይነት ፍቅር ነው በዚህ ዕድሜ የያዘሽ?» አላት አንድ ማታ፣ ጺሙን እየዳሰሰ።

«ዝም ብለህ ቁም።»

«ክሩ አላለቀም?»

«ኑርዬ፣ አጭሰሃል?»

«ወላሂ ከንፈሬን አልነካም።»

ፊት ለፊቷ፣ ዓይኑን ሳይሰብር ነው የማለው። ኑርዬ የሱሪ ቀጠሮ ላይ ይዋሻል፤ ማክሰኞ ያለውን ዓርብ ይሰጣል። አላህን ጠርቶ ግን አይዋሽም። ይህን ማወቋ ደግሞ ይብስ አስጨነቃት። ቢዋሽ ኖሮ የምትፈራው ለልቡ ብቻ ነበር፤ አሁን ለልቡም ለአኺራውም፣ ለወዲያኛው ዓለሙም ነው። ካልዋሸ ደግሞ ጠጉሩ ላይ ያለው ጭስ ከየት መጣ? መድኃኒቱን እየቆጠረች ትሰጠዋለች፤ ጨው ትቀንሳለች፤ ሥጋውን ጮማውን እየለየች ትቆርጣለች። በዚህ ሁሉ ጥበቃ መሐል አንድ ያላየችው በር ተከፍቶ ነው የሚያድረው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያንን በር ያውቀዋል።

ልጇን በስልክ ያስለቀሰቻት ያን ሰሞን ነው።

«ሂጂና እይው» አለቻት ሀፊዛ በመጨረሻ። «ሳትነግሪው ሂጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ኑርዬ መነጽሩን ረሳ። ይህ ለማንም ሌላ ሚስት ተራ ነገር ነው፤ ዘይቱና ግን «አልሐምዱሊላህ» ብላ ነጠላዋን አነሳች። በአስፋልቱ በኩል ብትመጣ ከሩቅ ያያታል። በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞረች።

እዚያች በረንዳ ላይ ኑርዬ ብቻውን አይቀመጥም። ግማሿ የአሻግሬ ናት። አሻግሬ የአምባሰል ሰው ነው፣ ከውጫሌ በላይ ካለች ቀበሌ ወጣት ሆኖ ወርዶ ሐይቅ የቀረ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ ይላል፤ ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ግን ቆይቷል። አሁን የሚጠግነው የእጅ ባትሪና የስልክ ቻርጀር ነው። ሁለቱ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያላወሩት ነገር የለም፤ ያልተካፈሉት ነገርም የለም። አሻግሬ በፋሲካ ሲያርድ ለኑርዬ ቤት በግ ከነነፍሱ ይልካል፣ በሙስሊም እጅ እንዲባረክ። ኑርዬ በዒድ ሲያርድ ለአሻግሬ እንደዚያው።

ዘይቱና የወፍጮ ቤቱን ጥግ ይዛ አንገቷን ብቅ አደረገች።

ሁለቱ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ተቀምጠዋል። አሻግሬ ሲጋራውን ሳበና ጉንጩን ነፋ። ኑርዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል።

«ወደ ግራ» አለ ኑርዬ በተዘጋ ከንፈሩ ስር።

አሻግሬ ጭሱን ወደ ግራ ለቀቀው። ኑርዬ በአፍንጫው ጥልቅ አድርጎ ሳበ።

«ንፋሱ ወሰደው። ቀስ እያልክ ልቀቀው እንጂ።»

«ንፋሱን እኔ ነኝ ያመጣሁት? ከሐይቁ ነው የሚነሳው፤ ሂድና ከሐይቁ ጋር ተጣላ።»

«ሆድህ ውስጥ አታቆየው። የኔን ድርሻ አንተ ትውጠዋለህ።»

«ስማ አንተ ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት አጭሼልሃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አታውቅም።»

«መነጽርህን ረስተሃል» አለች ዘይቱና።

አሻግሬ ሲጋራዋን ብሎኖች ያሉበት ቆርቆሮ ውስጥ ወረወራት። እሱ ማጨስ የሚከለክለው መሐላ እንደሌለበት ትዝ ያለው በኋላ ነው።

«ከንፈሬን አልነካም» አለ ኑርዬ። ማንም ምንም ገና አልጠየቀውም ነበር።

«እመሰክራለሁ» አለ አሻግሬ። «በማርያም እልሻለሁ እታለም፣ አንዲትም ቀን አልነካውም። እኔ ነኝ የማጨስለት።»

ዘይቱና መነጽሩን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። «ለሰው ይጨሳል?»

«ምን ላድርግ?» አለ አሻግሬ፣ አንገቱን ሰብሮ። «ከደሴ የመጣ ሰሞን ብታዪው። እጁ ተንቀጥቅጦ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው። የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር ከጉልበት በላይ ቆርጦ ሰጠ። ደንበኛው ለብሶ መጥቶ እዚህ ፊት ለፊታችን ቆመ። አሳዘነኝ።»

«ደንበኛው?»

«ሁለቱም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «የሀፊዛ አባት» አለች፣ «ሐኪሙ ሁለተኛው ከመጣ ያለኝን ነግሬሃለሁ።»

«ነግረሽኛል። ለዚህ እኮ ነው የማልኩት። መሐላዬንም አልበላሁም። ከንፈር አልሽ፣ ከንፈሬን ጠበቅሁ። አፍንጫ መች አልሽ?»

ይህ ነው የቆጠቆጣት። ቃሉን የቆረጠችው እሷ ናት። ለክታ፣ አስተካክላ፣ ቀዳዳ ትታ ሰፍታለች። ቀዳዳውም ከአፉ በላይ ሁለት ጣት ነው።

«ዛሬ ትምልልኛለህ። በአፍንጫህም።»

«በአፍንጫ የማለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«አንተስ አሻግሬ? አንተ አታዝንም ለራስህ?»

«እኔ ምን ሆኜ?» አለ አሻግሬ። «እኔ ደህና ነኝ። ልቤን ትንሽ ያቃጥለኛል እንጂ። እሱም ጨጓራ ነው፤ ለተብርሃን አብሽ በጥብጣ ታጠጣኛለች። ዘንድሮ ግሸን ስወጣ መንገድ ላይ አራት ጊዜ አስቀመጠኝ። ቁርስ ሳልበላ ስለሄድኩ ነው።»

እዚያ አገር ልብ ሁለት ነው፤ አንዱ የሚያስቡበት፣ ሌላው ምሳ የሚያርፍበት። የሚያቅለሸልሸውም «ልቤን» ይላል፣ የሚያቃጥለውም «ልቤን» ይላል፤ ሁሉም የሚጠጣው አብሽ ነው። ዘይቱናም የሰማችው እንደዚያ ነው። አሻግሬ የሚስቱ ጉዳይ ነው ብላ አለፈችው። ሐሳቧ ሁሉ ባሏ ላይ ነበር፤ ባሏ ደግሞ መነጽሩን አድርጎ፣ በጣም የሚያስቸኩል ሱሪ ያለበት መስሎ አቀርቅሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይቱና መቀመጫ ዱካዋን ይዛ መምጣት ጀመረች። ምስር ትለቅማለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ቤቷ የምትሠራውን ሁሉ በረንዳው ላይ፣ ከሁለቱ መሐል እንደ ድንበር ድንጋይ ተተክላ ትሠራለች። ደንበኞች እሷን ተሻግረው ነው ሱሪ የሚለኩት። ኑርዬ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈ። በሁለተኛው ቀን ከሚሰፋው ልብስ ጋር ክርክር ጀመረ። አሻግሬ ግን ቁጣ አያውቅም፤ ሲጋራው ሲያምረው ተነስቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ብቻዬን አይጥመኝም» አላት አንዴ ሲመለስ። «እሱ ሳያሸተው ሳጨስ ሌብነት የምሠራ ይመስለኛል።»

በሦስተኛው ቀን፣ የጥቅምት ብርድ ገና ከአስፋልቱ ሳይለቅ፣ አሻግሬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆይቶ መጣ። መራመዱ ልክ አልነበረም። ወንበሩ ላይ በቀስታ ተቀመጠ፤ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ እንደሚቀመጥ ሰው፣ እንዳይፈስበት።

«ልቤን አቃጠለኝ» አለ።

«አብሹን አልጠጣህም?» አለ ኑርዬ ቀና ሳይል።

«ጠጥቻለሁ።»

«ወተት ነው የሚሻለው። ወተት ጠጣ፣ ያጠፋዋል።»

ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቷን እየላጠች ዞር ብላ አየችው። ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ በሚሄድበት ጠዋት የአሻግሬ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል። በቀኝ እጁ የግራ ክንዱን ከትከሻው እስከ ክርኑ እያሻሸ ነው፤ ጭቃ ነክቶት እንደሚያስለቅቅ ሰው።

ዘይቱና ይህንን አይታዋለች። የት እንዳየችው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባትም። የካቲት ላይ፣ ደሴ ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ኑርዬን የጠየቀውን ጥያቄ እያንዳንዱን ታስታውሳለች፤ በእንቅልፏም ትሰማዋለች።

«አሻግሬ፣ ክንድህን ያምሃል?»

«ደነዘዘኝ መሰል።»

«መንጋጋህስ?»

አሻግሬ ቀስ ብሎ አያት። «እንዴት አወቅሽ?»

«ያቃጥልሃል ወይስ ይጨመድድሃል?»

«ሰው የተቀመጠብኝ ይመስላል» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ከባድ ሰው።»

ነጭ ሽንኩርቱ ከጭኗ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው መጥቷል። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀው፣ በር ስትዘጋበት፣ ድምፁን ስታዳምጥ የከረመችው እሱ መጥቷል፤ ግን በር ተሳስቶ ነው የገባው።

«ይሄ ጨጓራ አይደለም» አለች። «ኑርዬ፣ ባጃጅ።»

«ወተቱን ላምጣ?»

«ባጃጅ ነው ያልኩህ። ይሄ ያንተው ነው።»

«ያንተው» የሚለውን ሲሰማ ነው የገባው። ኑርዬ መቀሱን እንደያዘ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ ሰዑድ የሚባለው ባጃጅ ነጂ መቀስ ይዞ የሚሮጥበት ሰው ሲያይ መጀመሪያ ሊሸሽ ነበር።

ሦስቱ ከኋላ ተጣበቁ፣ አሻግሬን መሐል አድርገው። መንገዱ ላይ አሸዋ የጫኑ ሁለት መኪኖች ቆመው ሾፌሮቹ በመስኮት ያወራሉ። ሰዑድ ጥሩንባውን አስጮኸ። አልተንቀሳቀሱም። ዘይቱና እጇን አሻግሬ ደረት ላይ አሳርፋለች፣ ልክ ሌሊት ባሏ ላይ እንደምታደርገው፤ ከስሩ የሚመታው ነገር አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ የሄደ ይመስላል። ያ ሲሄድ የእሷም ይቆማል። ከወዲያ በኩል ደግሞ ኑርዬ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ኑርዬ መሮጥ የለበትም። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ፣ አትሩጥ፣ አትናደድ፣ አትደንግጥ ብሎታል፤ ዛሬ ከአራቱ ሦስቱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አድርጓል። ዘይቱና በአንድ ዓይኗ አሻግሬን፣ በአንድ ዓይኗ ባሏን ታያለች። ሁለት ሰው በአንድ ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅባት ማንን ታነሳለች? ያ ረቢ አንድ በአንድ አድርገው፣ አለች በሆዷ፤ ያለችውን ስትሰማው ደግሞ አፈረች።

«ቀስ ብለህ ተንፍስ» አለችው ኑርዬን።

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እሱም እንዲያ ነበር የሚለው።»

አሻግሬ ራሱን ኑርዬ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ኑርዬ» አለ።

«ወዬ ወንድምዓለም።»

«መቀሱን ከጎኔ አንሳልኝ። በዚህ ላይ እሱ እየወጋኝ ነው።»

መንገዱ ተከፈተ። ሰዑድ ነዳ።

ሐይቅ ሆስፒታል ውስጥ አሻግሬን ባልጋ ገፍተው ሲያስገቡት ዘይቱና በሩ ላይ ያገኘቻትን ወጣት ሐኪም እጅ ያዘች። ደረት ኪሷ ላይ ዶክተር ፋና የሚል ተጽፏል። «ልቤን አቃጠለኝ ይላችኋል፤ ጨጓራ ነው ይላችኋል፤ አትመኑት» አለቻት። «ክንዱን፣ መንጋጋውን ብሏል። ላብ አጥምቆታል። አጫሽ ነው።»

ሐኪሟ አንዴ አየቻትና ፈጥና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። አግዳሚው ወንበር ቀዝቃዛ ነበር። የአሻግሬ ሚስት ለተብርሃን ስትመጣ ነጠላዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው፤ ገና ከበሩ «አብሹን ሳያሳርፍ ጠጥቶት ነው?» አለች። መልሱን ከፊታቸው ላይ አነበበችው፤ ግድግዳው ስር ቁጢጥ ብላ ማርያምን መጥራት ጀመረች። ዘይቱና አጠገቧ ተቀመጠች። ምን ትበላት? ባልሽ ለባሌ ሲያጨስ ነው የታመመው ይባላል? እኔ ቃል ስለቆረጥኩ፣ ቃሌ ቀዳዳ ስለነበረው፣ ያንቺ ባል በቀዳዳው ወደቀ ይባላል? እጇን ያዘች።

ኑርዬ በቆመበት የሸሚዙን ደረት ኪስ ይዳብሳል። ባዶ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ ባዶ ነው። እጁ ግን አልሰማም።

«ለእኔ ነበር የሚገባው» አለ።

«አፍህን ያዝ፣ የሀፊዛ አባት።»

«እኔ ነኝ ‹ጨምር፣ ሌላ አንድ ለኩስ› የምለው። እሱ በቃኝ ብሎ ያውቃል። ‹አንተ ያልማልክ ሰው ምን ቸገረህ› እለው ነበር።» ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዘይቱና አየችው፤ አትደንግጥ፣ አታልቅስ፣ አትቁም፣ አትቀመጥ ልትለው ተነሳች።

ስልኳ ጮኸ። ሀፊዛ ናት።

«እማ፣ ሄድሽ? አየሽው?»

«አየሁት።»

«እና? ልቡ?»

«ልቡ…» አለች ዘይቱና፣ የተዘጋውን በር እያየች። የማን ልብ እንደሆነ መንገር ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ደስ አላት።

በሩ ሲከፈት አራቱም ዓይኖች፣ የለተብርሃንም ጭምር ስድስቱም፣ ዶክተር ፋና ፊት ላይ ተተከሉ። ሐኪሟ ይህን የለመደችው ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ተናገረች።

«በሕይወት አለ። የልቡ አንድ ደም ሥር ተዘግቷል። መድኃኒት ሰጥተነዋል፣ ሕመሙም ቀለል ብሎለታል። አምቡላንስ እየተዘጋጀ ነው፤ ደሴ ይሄዳል። ገና ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን በጊዜ ነው ያመጣችሁት። ወተት እየጠጣ ቢውል ኖሮ…» አልጨረሰችውም።

ኑርዬ መሬት መሬቱን አየ።

ዘይቱና ሐኪሟን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። ስምንት ወር የያዛት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይኸኛው ሦስት ቀኑ ነው። «እንዲያው ልጄ፣ ልጠይቅሽ። አንድ ሰው፣ ልቡን የታመመ ሰው፣ ሲጋራው ከንፈሩን ሳይነካ፣ የሌላ ሰው ጭስ በአፍንጫው ብቻ ቢገባ… ይጎዳዋል?»

«የልብ በሽታ ያለበት ሰው?»

«እንበል።»

«ልቡን የሚጎዳው ጭሱ ነው፣ እናቴ። ደም ሥሩ ጭሱ በአፍ ይግባ በአፍንጫ፣ ከራስ ይምጣ ከጎረቤት አይጠይቅም።» ዶክተር ፋና ቀና ብላ ኑርዬን አየችው፤ ከበረንዳው ሽታ የተረፈ ነገር ጃኬቱ ላይ ሳታገኝ አልቀረችም። «ምነው፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

«አለ» አለ ኑርዬ። ደረት ኪሱ ላይ የነበረውን እጁን አወረደ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «በአፍንጫዬም እምላለሁ» አላት በዝግታ። «ቃሉን አንቺው ቁረጪው። ዘንድሮ ግን ሰፋ አድርገሽ።»

መሐላ ለክታ መቁረጥ ግን ከእንግዲህ በዘይቱና እጅ አልነበረም።

አምቡላንሱ እስኪቀርብ እንዲያዩት ተፈቀደላቸው። አሻግሬ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ገብቶ ተጋድሟል። አጠገቡ ያለችው መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ እሱ ደግሞ ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ ያዳምጣታል፣ የተበላሸ ሬዲዮ እንዳመጡለት ሁሉ። ለተብርሃን እግሩን ያዘች። ዘይቱና የመሣሪያዋን ድምፅ እየቆጠረች ቆመች፤ አንዱ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ኑርዬ በሩ ላይ ቀረ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ፈራ።

ዶክተር ፋና ለደሴ የሚላከውን ወረቀት ክሊፕቦርድ ላይ ይዛ መጣች።

«ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት አባቴ፣ ብዙ አያውሩ። ዕድሜ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ሲጋራ ያጨሳሉ ብለውኛል።»

«አጨሳለሁ።»

«በቀን ስንት?»

አሻግሬ ከንፈሩን አረጠበ። ቀስ ብሎ አንገቱን አዙሮ በሩ ላይ የቆመውን ጓደኛውን አየው፤ ኑርዬም አየው። መሣሪያዋ ጢጥ፣ ጢጥ አለች። ዘይቱና ቆጠረች።

«በቀን ስንት አባቴ?» አለች ሐኪሟ፣ እስክርቢቶዋን ወረቀቱ ላይ ይዛ።

«የራሴን ነው» አለ አሻግሬ፣ «ወይስ የኑርዬንም ልደምረው?»